ሠላሳው ለማታ ተማሪዎችም እንዲሠራ

ለከተማው የመንገድና ትራፊክ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ቀን፦ ኅዳር 18

ጉዳዩ፦ በትምህርት ቤቶቹ መንገድ ላይ የተወሰነው የሠላሳ ኪሎ ሜትር ፍጥነት እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት እንዲራዘም ስለመጠየቅ

የተከበሩ ኃላፊ ሆይ፣

ይህን አቤቱታ የጻፍኩት እኔው ራሴ ነኝ፤ ማመልከቻ ጸሐፊ አልነካውም። ሥራዬ ጎሚስታ ነው። ከአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ በር ፊት ለፊት ሃያ ስድስት ዓመት ጎማ ለጥፌያለሁ። ዕድሜዬ ሃምሳ ዘጠኝ ሲሆን ፊደል የቆጠርኩት ግን ካለፈው ሚያዝያ ወዲህ፣ እዚያው ግቢ በሚሰጠው የማታ ክፍል ነው። ሌላው በስድስት ወር የሚጨርሰውን እኔ በአራት ወር እንደጨረስኩ መምህሯ ትመሰክራለች። ይህ ለጉዳዩ አያስፈልግም፤ ግን እውነት ስለሆነ ይግባ።

1. ጽሕፈት ቤትዎ ባለፈው መጋቢት 30 የሚል ክብ ታፔላ በመንገዱ ላይ ተክሎልናል። እጅግ አመስግነናል። እኛ የማታ ተማሪዎች ያኔ ፊደል ባንለይም ቁጥር እናውቅ ነበር፤ ቁጥርን ገበያም ያስተምራል። ከቁጥሩ ሥር ባለችው ትንሽ ቆርቆሮ ላይ የተጻፈውን ግን ማንም አላወቀም። ሲጠይቁኝ አላውቅም ማለት ስለማይሆንልኝ «እሱ የሠሪው ስም ነው» አልኳቸው። አመኑኝ።

2. ግንቦት 21 ቀን፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል ካለፈ በኋላ፣ ከክፍል ወጣን። ከጎኔ የሚቀመጡት ጡረተኛ ልብስ ሰፊ ናቸው። ማን ከማን እንደገለበጠ ስለሚፈርዱ ክፍሉ «ዳኛዋ» ይላቸዋል፤ እኔ እትዬ እላቸዋለሁ። መንገዱ ዳር ደርሰው መኪና ሲያዩ ቆም አሉ። «ይሂዱ እትዬ፣ ሠላሳ እኮ ነው!» አልኳቸው። ሄዱ። ፒክአፑ ገጫቸው፣ ዳሌያቸው ተሰበረ።

ሹፌሩ ክፉ ሰው አይደለም። ሆስፒታል ያደረሳቸው እሱ ነው። በሃምሳ ስምንት ይነዳ እንደነበርም ሳይጠየቅ ተናግሯል። እትዬን ደግፈን መኪናው ላይ ስናወጣ «ሠላሳ አይደለም ወይ!» ብዬ ጮኽኩበት። «አባባ፣ ከሥሩ ያለውን ያንብቡት» አለኝ። አምስት ሰዎች ነበርን፣ ሁላችንም ደብተራችን ብብታችን ውስጥ። አንዳችንም ማንበብ አልቻልንም።

3. አሁን አነባለሁ። ጽሑፉ «ከጠዋቱ 1፡30 እስከ ቀኑ 10፡00 ሰዓት» ይላል። የእኛ ክፍል ከቀኑ 11፡30 ገብቶ ከምሽቱ 1፡30 ይወጣል። ስለዚህ ታፔላው እኛን አያውቀንም።

4. በዚህች ከተማ ስለ ጎማ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም፤ አለሁ የሚል ይምጣ። በማግስቱ ጎማው አስፋልቱ ላይ የተወውን የፍሬን ምልክት በሜትር ለካሁ፤ አሥራ ዘጠኝ ሜትር ሆነ። ከዚያ ጎረቤቴን ባለታክሲ በሠላሳ እየነዳ እዚያው ቦታ ፍሬን እንዲይዝ አደረግሁት። በአምስት ሜትር ቆመ። ልዩነቱ አሥራ አራት ሜትር ነው። እትዬ የነበሩት በዚያ አሥራ አራት ሜትር ውስጥ ነው።

5. ለጽሕፈት ቤትዎ ሁለት ጊዜ በቃል አመልክቻለሁ። መስኮቱ ላይ ያለው ወጣት በትሕትና «አባባ፣ ይሄ እኮ ለሕፃናት ነው፤ እናንተ ትልልቅ ሰዎች ናችሁ፣ ግራ ቀኝ አይታችሁ ተሻገሩ» ብሎኛል። አልተቀየምኩትም። ነገር ግን ሕፃን ቢያንስ ይሮጣል፤ እኛ ሩጫ ከተውን ቆየን። በክፍሉ ሃያ ሁለት ነበርን፤ መሻገር የፈራው እየቀረ አሁን ዘጠኝ ቀርተናል።

6. ይህን አንቀጽ ልተወው ነበር፤ መምህሯ ግን «አቤቱታ የጎደለ እውነት አይወድም» አለችኝ። ባለቤቴ ካረፈች አምስት ዓመት ሆነ። ልጆቼ ሩቅ ናቸው። ቀኑን ሙሉ ከሰው የምሰማው «ቶሎ በልልኝ» የሚለውን ነው። ቤት ስገባ ሬዲዮው ያወራል፣ እመልስለታለሁ፣ አይሰማኝም። እትዬ ግን ይሰሙኝ ነበር። ሲሰለቻቸውም «አንተ! ጎማውን በጉራህ ንፋው፣ ኮምፕሬሰሩ ይረፍበት!» ይሉኝ ነበር። ዴስኩ የሁለት ሰው ነው፤ አንድ ጫፍ ላይ ብቻዬን ስቀመጥ ስለሚያዘነብል የመፍቻ ከረጢቴን በእሳቸው በኩል አደርጋለሁ። ዴስኩ ይስተካከላል። መፍቻ ግን አይሳደብም።

7. እትዬ አሁን ድነው በምርኩዝ ይሄዳሉ። ከመንገዱ ማዶ ከሴት ልጃቸው ጋር ይኖራሉ። «ያቺ ቆርቆሮ ሳትለወጥ አልሻገርም» ብለው ቆርጠዋል። ባለፈው ሳምንት ቤታቸው ሄጄ «ተለውጣለች፣ ነገ ይምጡ» አልኳቸው። ዋሸሁ። ደስ ብሏቸው ደብተራቸውን ከሣጥን ሲያወጡ ልጃቸው ብቅ ብላ ቆርቆሮዋን አይታ ተመለሰች፤ «ያው ናት» አለች። ያን ውሸት አምነው ቢወጡ ኖሮ ምን ሊሆን እንደሚችል የገባኝ ያኔ ነው። እትዬ አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። «አንዴ አምኜህ ዳሌዬን ሰጥቻለሁ» አሉና ደብተሩን መለሱት።

ስለዚህ ክቡር ኃላፊ፣

ሀ. የሠላሳው ገደብ እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት እንዲራዘም፣

ለ. ሰዓቱም ገና በመማር ላይ ያለ ሰው ከሩቅ ሊያነበው በሚችል ትልቅ ፊደል እንዲጻፍ፣

ሐ. የተወሰነው ውሳኔ በጽሑፍ ሆኖ፣ ማኅተም ተደርጎበት እንዲሰጠኝ በትሕትና አመለክታለሁ።

ሦስተኛውን የጠየቅሁት ለክብር ብዬ አይደለም። እትዬ ከእንግዲህ የእኔን ቃል አያምኑም፣ ልክም ናቸው። ወረቀቱን አምጥቼ ጭናቸው ላይ አስቀምጣለሁ፤ ልጃቸው ታነብላቸዋለች፣ እኔ አፌን እዘጋለሁ። ካልተፈቀደም «አልተፈቀደም» ብላችሁ ጻፉልኝ። እሱንም እወስድላቸዋለሁ።

ከታላቅ አክብሮትና ሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
ከትምህርት ቤቱ በር ፊት ለፊት ያለው ጎሚስታ
የማታው ክፍል ተማሪ