የቀዩ ጨርቅ ነገር

ኅዳር 9፣ ሐሙስ ከሰዓት

ለምወድሽ ልጄ፣

እዚያ ብርዱ መግባቱን ሰምቻለሁና ከሁሉ አስቀድሜ የምጠይቀው ጉሮሮሽን ነው። ሲበርድ እንደሚጠብሽ አውቃለሁ። ለብ ያለ ነገር ጠጪ፤ ስትበዪም አትቸኩዪ። ትንሿ ልጅሽስ? ጥርሷ ወለቀ ብለሽኝ ነበር፤ አዲሱ በቀለላት?

እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ ብቻ ደረጃ ሲያይ ያኮርፋል። አሁንም አባትሽ ዕድሜውን በጨረሰበት የልብስ ማጠቢያ ቤት መጋዘን ጠባቂ ነኝ። አሲዱን ከታች፣ በረኪናውን ከእሱ አርቄ በወዲያኛው ግድግዳ፣ ቆዳ የሚልጠውን ፈሳሽ ኮስቲክ ሶዳ ከሁለቱም ለይቼ አስቀምጣለሁ። በየዕቃው ላይ ስሙንና የተከፈተበትን ቀን በእጄ ጽፌ እለጥፋለሁ። በዚህ የተነሳ ሠራተኞቹ "እትዬ ወረቀት" ብለውኛል። ሹፌሩማ ወንበሬ ላይ ካንቀላፋሁ በራሴ ግንባር ላይም ቀን ጽፌ እንደምለጥፍ ሲያወራ ሰምቼው ሳቅሁ።

ይኸው ሹፌር ማክሰኞ ዕለት ባዶ የውሃ ጠርሙስ ይዞ መጣ። የቤቱ ቱቦ ተደፍኖ ኖሮ ከኮስቲኩ ትንሽ ቅጂልኝ አለ። በራሱ ዕቃ፣ ከነጽሑፉ ካልሆነ ጠብታ አይወጣም አልኩት። ለመነኝ፣ ቀለደብኝ፣ በመጨረሻም ተናደደ።

"እትዬ፣ ለቱቦ ነው እኮ። ማን ይጠጣዋል?"

"ልጅ ይጠጣዋል" አልኩት።

ጠርሙሱን ይዞ ወጣ። እኔም ተቀምጬ ደብዳቤሽን ለሦስተኛ ጊዜ አነበብኩት።

በትምህርት ቤቱ ፎቶ ላይ ጸጉርሽ የታሰረበትን ቀይ ሪባን ላኪልኝ፣ ለትንሿ አስርላታለሁ ብለሻል። ፎቶው አደጋው በደረሰብሽ ቀን ጠዋት የተነሳ ስለሆነ "እስከዚያ ቀን ምሳ ሰዓት ድረስ የነበርኩትን ልጅ ላሳያት" ብለሻል። "ስታስሪልኝ እጅሽ ትዝ ይለኛል" ካልሽበት መስመር ላይ ስደርስ መነጽሬን አወለቅሁ።

ሪባን አልነበረም፣ ልጄ።

ያኔ ማጠቢያ ቤቱ ውስጥ ማንበብ የሚችለው ሰው በጣት የሚቆጠር ነበር። ስለዚህ አደገኛ ነገር የያዘ ዕቃ ሁሉ አንገቱ ላይ ቀይ ጨርቅ ይታሰርበታል። ቀይ ያሰረ አይነካም፤ ሕጉ ይኸው ነው። የእኛም ቱቦ ሲደፈን አባትሽ ኮስቲክ በውሃ ጠርሙስ ይዞ መጣ፤ ሁሉም እንዲያ ያደርግ ነበር። ማምጣቱ ጥፋት ነው፣ አልክድም። ግን ጨርቁን ሁለት ጊዜ ቋጥሮ፣ አጥብቆ አስሮ ነው ያመጣው። "ይህን እንዳትፈቺው" ብሎኝ ላይኛው መደርደሪያ ላይ አስቀመጠው።

በማግስቱ ትምህርት ቤት ፎቶ ልትነሱ ነበር። የጓደኞችሽ ጸጉር ሪባን አለው፤ አንቺ የለሽም። አለቀስሽ። ጨርቁ ደማቅ ነበር፣ ንጹሕም ነበር። ለግማሽ ቀን ነው፣ ስትመለሺ መልሼ አስረዋለሁ ብዬ ፈታሁት። ከሄድሽ በኋላ ቱቦው ውስጥ ላፈስ ጠርሙሱን አወረድኩ። ጎረቤት ጠራችኝ። ገንዳው አጠገብ ትቼው ወጣሁ፣ ወሬም ያዝኩ። አንቺ ውሃ ጠምቶሽ ገባሽ። ቀዩን ጸጉርሽ ላይ አስረሽ፣ ቀይ ያላሰረውን ጠርሙስ አነሳሽ።

ጣቴን ጉሮሮሽ ውስጥ ከትቼ አስታወክሁሽ። የረዳሁሽ መስሎኝ ነበር። ሲወጣም ዳግመኛ አቃጠለሽ።

ሐኪሙ ማን ነው እንዲህ ያስቀመጠው ብሎ ሲቆጣ አባትሽ መጀመሪያ ጸጉርሽን አየ፤ ቀጥሎ እኔን። ከዚያ "እኔ ነኝ፤ ጨርቁን ማሰር ረሳሁ" አለ። እስኪሞት ድረስ ነገሩን አንድም ቀን አላነሳብኝም። እኔም አላነሳሁም። የእሱ ዝምታ ለእኔ ነበር። የእኔም ለእኔው።

ስታድጊ በአባትሽ ላይ ፊትሽን ስታዞሪበት እያየሁ ወጥ አማስል ነበር። ለቀብሩ እንድትመጪ ስደውልልሽ "እሱ ጨርቅ ማሰር አቅቶት እኔ ዕድሜዬን ሾርባ ስጠጣ ኖርኩ፤ ምን ብዬ ላልቅስለት?" አልሽኝ። ለሰው ስልኩ ተቋረጠ አልኩ። አልተቋረጠም፤ የዘጋሁት እኔ ነኝ።

ማንበብ የተማርኩት ከዚያ አደጋ በኋላ ነው፤ ከየዕቃው ላይ አንድ አንድ ፊደል እየለቀምኩ። ያለ ማንም እርዳታ የጨረስኩት የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር "ከተዋጠ አያስታውኩ" የሚል ነበር። ድምፄን አሰምቼ ሳነብ አባትሽ ከጓዳ ሆኖ ጎሽ አለኝ። ከዚያ ምን እንዳነበብኩ ገባው መሰለኝ፣ መጥቶ ዕቃውን ከእጄ ተቀበለና ጽሑፉን ወደ ግድግዳው አዞረው።

ጨርቁ ፖስታው ውስጥ ነው። ከጸጉርሽ ላይ ከፈታሁት ወዲህ አላጠብኩትም። አንዱ ጫፍ የነጣው ኮስቲኩ ነክቶት ነው። ለትንሿ አታስሪላት፤ ለእሷ የደንቡን ሪባን ግዢላት።

ለእኔ መልስ ለመጻፍ አትቸኩዪ። ባትጽፊም ይገባኛል። ለእሱ ግን፣ እባክሽ፣ አንድ ቀን አልቅሺለት። የእሱንም ፎቶ ልጅሽ ከምታየው ቦታ አኑሪው።

ጉሮሮሽን ይማርልኝ። የምትውጪው ሁሉ ይስማማሽ። ልጅሽ ጠምቷት ስትገባ ሁልጊዜ አንቺን ታግኝ።

ጨርቁ መሐሉ ላይ ተጨማዷል። እንዳትተኩሺው፤ የአባትሽ ቋጠሮ የነበረበት ነው።

እናትሽ