አርባ ፈረስ ገብቶ ሠላሳ የወጣበት ትራንስፎርመር

ለተከበሩ የወንዝ ዳር መስኖ ኤሌክትሪክ ማዳረሻ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፤

አርባ የፈረስ ጉልበት ላለው የውሃ ሞተር ስንት ኪሎ ቮልት አምፔር ትራንስፎርመር ይበቃዋል? ሞተር ገዝቶ መብራት የጠየቀ ሰው ሁሉ አንድ ቀን ይህን ጠይቋል። እኔም በኤሌክትሪክ ምህንድስና ከተመረቅሁ ገና ስምንት ወር ቢሆነኝም፣ ጥያቄውን ለእርስዎ ከማቅረቤ በፊት ጤናዎን፣ የቤተሰብዎን ደኅንነትና የቢሮዎን ማራገቢያ አለማቋረጥ በትሕትና እመኛለሁ። እኛ ከአባይ ሁለት መቶ እርምጃ ላይ ሆነን ውሃ ከጠማን ዛሬ አሥራ አንድ ቀናችን ነው።

በቅድሚያ ምስጋናችን ይድረስዎ።

1. የናፍጣ ሞተራችን ሳይነቀል መብራት እንደማይገባ በጥብቅ ስላዘዙን እናመሰግናለን። አጎቴ ሐጅ ጀባራ ሃያ ሁለት ዓመት ያገለገለውን ሞተር በገዛ እጁ ፈትቶ፣ ከወንዙ ማዶ ላለ ሰው ሸጠው። አሁን ጠዋት ጠዋት የዚያ ሞተር ድምፅ ማዶ ይሰማል። ባቄላቸው ለምልሟል፤ ደስ ይላል።

2. በማመልከቻው ላይ የጻፍሁትን ሃምሳ በቀይ እስክሪብቶ ሰርዘው ሠላሳ ላደረጉት የክፍል ኃላፊዎ ልዩ ምስጋና አለኝ። ስሌታቸውን በሚገባ ተረድቻለሁ፦ አርባ ሲባዛ በዜሮ ነጥብ ሰባት አራት ስድስት፣ ሠላሳ ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል። ማባዛቱ ትክክል ነው፤ ግን የወጣው ኪሎ ዋት ነው፣ ያውም ሞተሩ ለፓምፑ የሚሰጠው ብቻ። ሞተሩ ራሱ የሚያባክነው አለ፤ በአሥራ አምስት በመቶ ብንገምተው ከመስመሩ የሚስበው ሠላሳ አምስት ይሆናል። ይህን ደግሞ ለኃይል ምጣኔው፣ ማለትም መስመሩ ከሚሸከመው ውስጥ ሥራ ለሚሠራው ድርሻ፣ ለዜሮ ነጥብ ስምንት፣ ስናካፍለው አርባ አራት ኪሎ ቮልት አምፔር ይደርሳል። ለመነሻው ትንሽ ትርፍ ሲጨመር ሃምሳ። ይህን ላስረዳቸው ቢሯቸው ድረስ ብሄድ «የኔ ልጅ፣ ዋትም ቮልትም መብራት ነው፤ የትምህርት ቤቱን እዚያው ተዪው» አሉኝ። ስለ አባታዊ ምክራቸው አላህ ይስጥልኝ።

ጀልባ በገመድ ጎትቶ የሚያውቀው አጎቴ ግን አንድ ጊዜ ብነግረው ገባው። «ጎታቹ ዳር ላይ ነው፣ ጀልባዋ ውሃው ላይ» አለ። «ከጉልበትሽ ከፊሉ ወደ ፊት ይወስዳታል፣ ከፊሉ ወደ ዳር ይስባታል። ገመዱ ግን ሁለቱንም ነው የሚሸከመው። የፊቱን ብቻ አስልተሽ ገመድ ከገዛሽ ይበጠሳል።» አጎቴ ፊደል አልቆጠረም፤ ለክፍል ኃላፊነቱ ውድድር መመዝገብ ይችል እንደሆነ ቢያሳውቁን።

3. ይህኛው የእርስዎ ጥፋት አይደለም፤ ብቻ ይወቁልኝ። ማብሪያውን ስንጫን ሞተሩ ያጓራል፣ ብሬከሩ ቷ ብሎ ይወርዳል፣ ዝም። በመጀመሪያው ቀን መንደሩ ሁሉ ቦዩ ዳር ቆሞ ነበር። ጎረቤታችን ወድ አንኑር ወደ ትራንስፎርመሩ ወጥቶ የተጻፈውን ቁጥር አነበበና ጮኸ፦ «ሠላሳ! ያስገባነው አርባ ፈረስ፣ የወጣው ሠላሳ! አሥሩን ፈረስ ማን በላው?» ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። ማመልከቻው ላይ የፈረምሁት እኔ ነኛ። «ባሽሙሃንዲሳችን» አለችኝ ሚስቱ ሲት ነፈር፣ መሐንዲስነቴን እንደ ስድብ ረዘም አድርጋ፣ «አሥሩን ፈረስ ከተማ ላይ ሸጠሽ ነው የመጣሽው?» እኔም ተንደርድሬ እውነቱን ለማስረዳት «ኧረ አሥር አይደለም፣ ከሚያስፈልገን አርባ አራት የጎደለው አሥራ አራት ነው!» አልሁ።

ክቡር ሆይ፣ ከዚያ ወዲህ ሰላምታዬን የሚመልስ የለም።

4. ባቄላው አበባ ላይ ነው። አበባ ላይ የተጠማ ባቄላ በኋላ ቢያጠጡት ቅጠል እንጂ ፍሬ አይሰጥም። ትናንት ሽማግሌዎቹ ተቀምጠው፣ በባልዲ ሊደረስበት የሚችለውን ማሳ ከሚተወው ለዩ። የአጎቴ ከሚተወው ወገን ሆነ፤ ሩቅ ነው። እሱ «እሺ» ብሎ ተነሳና የሌሎቹን ማሳ ለማጠጣት ባልዲ አነሳ። እኔም ከኋላው ተሰለፍሁ። ማንም አልከለከለኝም፤ ማንም ቦታም አልለቀቀልኝም።

ስለዚህ በእግርዎ ሥር ወድቄ የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ በግቢዎ ጥግ የፋብሪካ ምልክቱ ሳይነሳለት ሥራ ፈትቶ የተቀመጠውን ባለ ሃምሳ ትራንስፎርመር ይላኩልን፤ ስመጣ በዓይኔ አይቼዋለሁ። ስሌቴ ስህተት ከሆነም በጽሑፍ ያርሙኝ፤ በአደባባይ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ይህን ግልጽ ደብዳቤ የምታነቡ ሌሎች ባለ ሞተሮችም የሞተራችሁንና የትራንስፎርመራችሁን ቁጥር ጽፋችሁ ላኩልኝ፤ በነፃ አሰላላችኋለሁ፤ ብቻዬን እንዳልሆንሁ ልወቅ።

የክፍል ኃላፊዎ ቀይ እስክሪብቶ ቀለም እንዳያልቅ የምትጸልይ፣ ታዛዥዎ፣
ሱሃድ ተይፉር፣ ከቱንዳብ መንደር

ማሳሰቢያ፦ መልስዎ ከሐሙስ በኋላ የሚመጣ ከሆነ ለእኛ አይጻፉት፤ ለፍየሎቻችን ይሁን። ከዚያ በኋላ ባቄላው የእነሱ ነው፤ እነሱም ያለ አንዳች ሽሙጥ ከልባቸው ያመሰግኑዎታል።