የፀሐይ ነፋስና የጽናት ወረቀት

ለእህቴ ለኮከቤ፤

ከባልሽ ከይሥሐቅና ከልጅሽ ከማዕረግ ጋር እንደምን ከርመሻል? ያ የኖርዌይ ብርድ ጉልበትሽን አልያዘሽም? ወገብሽስ ተሻለሽ? እኛ መድኃኔ ዓለም ይመስገን አለን። ገብሱ ውርጭ ሳያገኘው ተሰብስቧል። እኔም ከዓይኔ መድከም በቀር ደኅና ነኝ።

ይህን የምጽፍልሽ እኔ ጌታነሽ ነኝ፤ በገዛ እጄ። አምና የጻፍኩልሽን ልጄ ጽናት የጻፈችው መስሎሽ «ምነው ልጄ፣ የእጅ ጽሕፈትሽ እንዲህ ተበላሸ?» ብለሽ ለእሷ መለስሽላት። በሃምሳ ስምንት ዓመቴ ፊደል የቆጠርኩት የአንቺን ደብዳቤ ሰው ሳልለምን ላነብ ነበር። አባታችን «አንዷ ትማር፣ አንዷ በግ ትጠብቅ» ሲሉ የተማርሽው አንቺ ነሽ። ይኸው ዛሬም ለልጄ ትጽፊና ግርጌው ላይ «ለእናትሽ አንብቢላት» ትያለሽ።

ስለ ፀሐይ ነፋስ የጻፍሽላትን እኔው አነበብኩት። ከፀሐይ ነፋስ ይነሣል፣ መሬት ማግኔት ስላላት ትመልሰዋለች፣ እናንተ ጋ ሰማይ ላይ የሚታየው አረንጓዴ ብርሃንም ከዚያው ነፋስ ነው ብለሻል። ማግኔቱንም በጓሳ ሣር ጠባቂ መሰልሽው። ጽናት «ጠባቂ ካለ ነፋሱ በየት ገባ?» ብላ ተቸገረች። አንቺ ጓሳ ሣሩ እንዲያድግ ለከብት ሲዘጋ አንድ ቀን ውለሽበት አታውቂም፤ የአባታችን የጥበቃ ተራ ሲደርስ ስንቅ ይዤ የምወጣው እኔ ነበርኩ። እኔም ለጽናት «ከብቱ ጠባቂውን ሲያይ ዞሮ ያልፋል፤ የሚሾልከው በሁለቱ ዳርቻ ነው። ነፋሱም እንዲሁ በመሬት ሁለት ዳርቻ ሾልኮ አየሩን ሲመታ ያበራል፤ እነ አክስትሽ ዳርቻው ላይ ስለሆኑ ያዩታል፣ መንዝ ግን መሐል ናት» አልኳት። ማግኔቱ በፀሐይ በኩል ተጨምቆ በጀርባው እንደ ጭራ ይረዝማል ያልሽውም የበግ ጠጉር ባና ደርቦ ነፋስን ፊት ለፊት ገጥሞ ለሄደ ሰው አዲስ አይደለም። ባናው ደረት ላይ ይለጠፋል፣ ከኋላ ይንዘረዘራል። ጽናት ሰማችኝና «ይህንንም አክስቴ ናት የጻፈችው?» አለችኝ።

ቅናት ነው ብትዪ አልክድም። ፊደሉን ቀደምሽኝ፤ አሁን ደግሞ ልጄ አፏን የምትፈታው በአንቺ ስም ሆነ።

እሷን ለትምህርት ወደ አንቺ ለመውሰድ የላክሽው የፈቃድ ወረቀት ደርሶኛል። ግርጌው ላይ ክብ አድርገሽ «እናትሽ ጣቷን እዚህ ታሳርፍ» ብለሻል። ሦስት ሳምንት ሣጥን ውስጥ ቆለፍኩበት። ጽናት አንድም ቀን አልጠየቀችኝም፤ ብቻ እህል መቅመስ ተወች። የእኔ በር ተዘግቶ ቀረ ብዬ የእሷን ልዝጋባት? ትናንት ክቡን ሰርዤ ከጎኑ ስሜን ከነአባታችን ስም ጻፍኩበት። ወረቀቱ ከዚህ ጋር ነው።

አንድ አደራ አለብሽ። ያን ብርሃን መጀመሪያ ያየች ቀን ያየችውን እሷው በራሷ ቃል ለእኔ ትጻፍልኝ። አንቺ ያን ቀን ዝም በዪ።

ለይሥሐቅ የአክብሮት ሰላምታዬን አድርሺልኝ፤ ማዕረግን ጉንጯን ሳሚልኝ። አንቺም ልብስ ደርቢ።

ታላቅሽ ጌታነሽ
መንዝ፣ ከጓሳ ግርጌ
ታኅሣሥ ፲፪ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.