ክርናቸውን ስዊዘርላንድ ላይ አስደግፈው አጥራችንን ለለኩት ሊቀ መንበር

ለተከበሩ ሄር ብሮደርሰን፣
በብሬመን የሐዲድ ዳር የጓሮ አትክልት ማኅበር ሊቀ መንበር፤

ጤናዎ፣ ወገብዎ እና ከኪስዎ የማይለየው ማስመሪያ እንደምን ሰነበቱ? እኔ ማልተ፣ የአዛውንቱ የሂንሪክ የልጅ ልጅ፣ ይህን ደብዳቤ በማኅበራችን ሰሌዳ ላይ የምለጥፈው ከባድ ዜና ለማርዳት ነው። አባላት ሁሉ በያላችሁበት ቁሙ። በመካከላችን ወንጀል ተፈጽሟል። ወንጀሉ በዓይን አይታይም፤ አጉሊ መነጽር ይፈልጋል።

ባለፈው እሑድ ማኅበራችን ትንንሽ ባቡሮች የሚርመሰመሱበትን፣ አገር ምድሩ በአዳራሽ ውስጥ ተሠርቶ የተቀመጠበትን ትንሹን ዓለም ሊጎበኝ ሄዶ ነበር። ሌላው ሰው አፉን ከፍቶ ባቡር ሲያይ፣ እርስዎ የእኛን ሰፈር አገኙት፤ ድልድዩ፣ አረንጓዴ ጎጆዎቹ፣ የቁጥቋጦ አጥሩ ሳይቀር። ወዲያው ማስመሪያዎን መዘዙ። ጥበቃዋ «ጌታዬ፣ ክርንዎን ከስዊዘርላንድ ላይ ያንሡ! ላሟን ጨፈለቋት እኮ!» ብላ ስትጮህ፣ «ቆይ እመቤት፣ ሥራ ላይ ነኝ» አሏት። ከኋላዎ ነበርኩ፤ ሰምቻለሁ።

ሰኞ በራችን ላይ ማስጠንቀቂያ ተለጠፈ። ሞዴሉ ባለፈው በጋ በተነሣ ፎቶ ስለተሠራ፣ ከእውነተኛውም ሰማንያ ሰባት ጊዜ ስለሚያንስ፣ የአጥሩ ቁመት በሰማንያ ሰባት ሲባዛ ከደንቡ በልጦ ስለተገኘ፣ አያቴ የቆዩ ደንብ ጣሽ ናቸውና መሬቱን የመነጠቃቸው ነገር ቅዳሜ በስብሰባ ይታያል ይላል። ለዚህ ድካምዎ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ቅሬታዬ ግን ይኸው፦

አንደኛ፣ ያንን አጥር የተከለችው ሟች ሴት አያቴ ናት፤ ወንዱ አያቴም ገመድ ወጥረው ነው የሚከረክሙት። አሁን መቀሱን ሰቅለው፣ «ተወው ልጄ፣ እሷ የተከለችው በሰው አፍ ከሚገባ እኔው ነቅዬው ብሄድ ይሻላል» ይላሉ። ቀልዳቸው የሚያሰለቸንን ሽማግሌ ዝም ስላሰኙልን ቤታችን ጸጥ ብሏል። እግዜር ይስጥልን።

ሁለተኛ፣ ሰው የመጠርጠር መጥፎ አመል አለብኝ፤ ከእርስዎ የተማርኩት ነው። የሚስትዎ ወንድም ማክሰኞ ዕለት አበባችን መሃል ቆሞ መሬቱን በእርምጃ ሲለካ አገኘሁት። «ምን ጠፋህ ጋሼ?» ስለው፣ «እንዲሁ እየተንሸራሸርኩ ነው» አለኝ። የልጆቹን መዝለያ ትራምፖሊን ሥዕል በእጁ ይዞ ነው የሚንሸራሸረው?

ሦስተኛው ረዘም ይላል፤ ወንበር ይሳቡ። ረቡዕ የአያቴን አጉሊ መነጽር ይዤ ወደ ትንሹ ዓለም ተመለስኩ። እዚያ ጎብኚ ሲጫነው አንድ ነገር የሚያንቀሳቅስ ቁልፍ በየቦታው አለ። እርስዎ እሑድ «የልጆች ነገር» ብለው ያለፉትን ቁልፍ እኔ ልጁ ተጫንኩት። እርስዎ አጥሩን የለኩት የዚያ ጎጆ በር ተከፈተ። ኮፍያ ያደረገ፣ የመለኪያ በትር የያዘ ሰውዬ ወጣ። አገጩ ድረስ በደረሰው በገዛ አጥሩ ላይ ተንጠራርቶ የጎረቤቱን አጥር ለካ፤ ራሱን ነቀነቀ፤ ተመልሶ ገባ። ደግሜ ተጫንኩት። ደግሞ ወጣ! ጥበቃዋ እስክትገፋኝ ድረስ ሰውዬውን አላሳረፍኩትም።

ሞዴሉን የሠራችውን ስቬንያን ጠየቅኳት። «ፎቶውን ያነሣነው ከባቡር መስኮት ነው» አለችኝ። «ባለፍን ቁጥር ያ ሰውዬ በትሩን ይዞ ቆሟል። እንዴት እንተወው?»

ክቡር ሊቀ መንበር፣ በማኅበራችን በትር ይዞ የሚዞረው ስንት ሰው ነው? የገዛ ጎጆዎንና አጥርዎን ከእኛው ባይለዩ አልፈርድብዎም፤ ሁሉም ጎጆ በአንድ ዓይነት አረንጓዴ ይቀባ ብለው ያስወሰኑት እርስዎው ነዎት። ስለዚህ ወይ ማስጠንቀቂያውን ያንሡልን፣ ወይ በዚያው ስሌት የራስዎን መሬት ይንጠቁልን፤ ትራምፖሊኑም ቦታ ያገኛል።

ከአጥርዎ ማዶ በእግር ጣቱ ቆሞ፣ ካልተንጠራራ የማያይዎ፣
አንዱን ክፍል ሁለት ጊዜ የተማረው፣ ማባዛት ግን የሚችለው
ማልተ

ከተለጠፈ በኋላ የተጨመረ፦ ማስጠንቀቂያው ከበራችን ላይ መነሣቱን አየሁ። ዛሬ ጠዋት ደግሞ ከግቢዎ የመቀስ ድምፅ ሰማን። አያቴ ከስንት ቀን በኋላ ሳቁና፣ «ገመዴን ውሰድለት፤ እሱ ያለ ገመድ ቀጥ አድርጎ አይቆርጥም» ብለው ላኩኝ፤ በርዎ ላይ አንጠልጥዬዋለሁ። እውነቱን ከተናገርን፣ ይህ ሁሉ ጩኸት በሞዴሉ ላይ ለሁለት ሚሊሜትር ነበር። ስዊዘርላንድ ላይ የጨፈለቋት ላም እንኳ ከዚያ ትበልጣለች።