በአሥራ አንድ ድምፅ ስለ ተወሰነው ግራ ጡቴ

ለተከበሩ ጓድ መኩሪያ ደገፋ
የቀበሌያችን ሊቀመንበር
ጎፋ

ሐሙስ ሰኔ 19 ቀን 1978 ዓ.ም.

የተከበሩ ሊቀመንበር ሆይ፣ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ክረምቱ ከገባ ወዲህ ጉልበትዎን እያመመዎት መሆኑን ሰምቼ ከልቤ አዝኛለሁ፤ ስለ ጉልበትዎ ግን እስካሁን ስብሰባ ተጠርቶ እጅ እንዳልወጣበት ሳስብ ትንሽ ተጽናናሁ። ፈጣሪ እንዲሁ ከስብሰባ ያርቅልዎ።

ይህን ደብዳቤ በግድግዳ ጋዜጣችን ላይ የለጠፍኩት ከድፍረት ብዛት አይደለም። «የሂስና ግለ ሂስ ዓምድ» ከተከፈተ አምስት ወር ሞላው። ነዋሪው ሳይፈራ እንዲጽፍ ሦስት እሑድ ለፍፈዋል፤ እስካሁን የወጣው ግን እርስዎ ራስዎን «ያለ ዕረፍት በመሥራት ጤናዬን እበድላለሁ» ብለው የወቀሱበት ጽሑፍ ብቻ ነው። ዓምዱ ባዶ ሆኖ ሲታይ ያሳፍራል፤ የእኛ ቀበሌ ባዶ ቦታ እንደማይወድ ደግሞ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም።

ቃለ ጉባኤ ቀኑንና የተገኙትን ሰዎች በማስፈር ይጀመራል ብለው ስላስተማሩን እንደዚያው እጀምራለሁ። የአየሩን ሁኔታ የጨመርኩት እኔ ነኝ፤ ስብሰባው ሲካሄድ ውጭ የነበርኩት እኔ ብቻ ስለሆንኩ።

እሑድ ሰኔ 15 ቀን፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ተኩል። ዝናብ፣ በመካከሉ በረዶ። በአዳራሹ የተገኙ፦ እርስዎ፣ ጸሐፊው ጓድ ሙሉሰው፣ የሴቶች ማኅበር ሊቀመንበር ጓድ እፀገነት፣ ጓድ ማሞ፣ ሌሎች አሥራ ሦስት አባላት፤ በድምሩ አሥራ ሰባት። ያልተገኘች፦ የጡቱ ባለቤት። «ውይይቱ በነፃነት እንዲካሄድ ባለጉዳይዋ ወጣ ትበል» ስላሉ ከአዳራሹ ጣሪያ ጠርዝ ሥር ቆሜ ነበር። ግድግዳው ቆርቆሮ በመሆኑ ከዝናቡ የተረፈውን ሁሉ ሰምቻለሁ፤ ስለ ቆርቆሮው አመሰግናለሁ።

ነገሩን ለማያውቁ ጎረቤቶቼ፣ ማለትም እሑድ ዕለት ላልነበሩት፣ ባጭሩ ላስረዳ። ባለፈው ዓመት ጥር ላይ የግራ ጡቴ በካንሰር ምክንያት ተቆርጦ ወጣ። ቁስሉ ዳነ፣ በሽታው እስካሁን አልተመለሰም፣ እኔም ፈትሌን ፈትዬ፣ ከቦኖ ውሃዬን ቀድቼ እየኖርኩ ነው። በዚህ ግንቦት ዶክተር ሱልጣን የሚባል የቀዶ ሕክምና ሐኪም ጠራኝና ከውጭ አገር ለሁለት ሳምንት የሚመጡ ባለሙያዎች እንዳሉ፣ ከእነርሱ ጋር ሆኖ ጡት መልሶ መሥራት እንደሚችል ነገረኝ። መንገዱ ሦስት ነው አለ። አንደኛው ከጀርባ ጡንቻ ከነቆዳው ተወስዶ በብብት ሥር ወደ ፊት ማዞር ነው። ሁለተኛው በውስጡ እንደ ሙጫ የሚንቀሳቀስ ነገር ያለበት ለስላሳ ከረጢት ከደረት ጡንቻ ሥር ማስገባት ነው። ሦስተኛው ምንም አለማድረግ፣ ደረትን እንዳለ መተው ነው፤ «ይሄም ሕክምና ነው፣ አያፍሩበት» አለኝ። አስቤ ሰኞ ሰኔ 16 ጠዋት እንድመጣ፣ ስም ዝርዝሩ በዚያ ቀን ስድስት ሰዓት ላይ እንደሚዘጋ፣ ከዚያ በኋላ መቼ ሌላ ዕድል እንደሚመጣ እሱም እንደማያውቅ አስጠነቀቀኝ።

እኔ ትምህርት ቤት ገብቼ አላውቅም። ፊደል የለየሁት ስኳርና በርበሬ ከሚጠቀለልበት አሮጌ ጋዜጣ ነው፤ ስለዚህ እውቀቴ ሁሉ ከመሐል ይጀምርና ከመሐል ይቀራል። የብዙ ጦርነት መጀመሪያ አውቃለሁ፣ መጨረሻውን ግን በርበሬው በልቶታል። ይህ ሐኪም በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ነገር ከመነሻው እስከ መጨረሻው ነገረኝ። እንዳስብበትም ሦስት ሳምንት ሰጠኝ። እናንተ ሃያ አምስት ደቂቃ ፈጀባችሁ።

እንዴት ከእናንተ ዘንድ ደረሰ? ሆስፒታሉ የነፃ ሕክምና ቅጽ ሰጠኝ፣ ቀበሌው ነዋሪነቴንና አቅም ማጣቴን አረጋግጦ ማኅተም እንዲመታበት። በቅጹ ላይ «የሕክምናው ዓይነት» የሚል ባዶ መስመር አለ፣ ሐኪሙ የሚሞላው። ጓድ ሙሉሰው ግን ባዶ ቦታ ባለበት ወረቀት ላይ ማኅተም አይመታም አሉ። ገና አልመረጥኩም፣ ሰኞ ነው የምመርጠው ብላቸው፣ ያልተመረጠ ነገር እንዴት ይደገፋል አሉኝ። ባዶ ትተው ማኅተሙን ይምቱልኝ ብዬ ለመንኩ። እንዲህ ያለ ከባድ ውሳኔ በግለሰብ ጫንቃ ላይ መጣል የለበትም ብለው ጉዳዩን ለኮሚቴ መሩልኝ። ስለ ጫንቃዬ ማሰባቸውን አመሰግናለሁ።

እንግዲህ ሂሴ ይህ ነው።

አንደኛ። የተከበሩ ሊቀመንበር፣ ስብሰባውን ሲከፍቱ «የራስን ሀብት መጠቀም» በሚል ርዕስ ያደረጉት ንግግር ግሩም ነበር። ጓዲት ዘነቡ ጀርባ አላት፣ ጀርባዋ የአገር ውስጥ ሀብት ነው፣ ከራሷ ተወስዶ ለራሷ ቢውል ራስን ለመቻል አርአያ ይሆናል ብለዋል። አርባ ስምንት ዓመት ስሸከምበት ጀርባዬ ሀብት መሆኑን አላውቅም ነበር። ከዚያ ጀርባ ላይ ጡንቻው ሲነሣ እጄ ለስንት ወር እንደሚደክም፣ ውሃ ማን እንደሚቀዳልኝ የጠየቀ ግን አልነበረም፤ በአጀንዳው ላይ ስላልነበረ ይሆናል።

ሁለተኛ። ጓድ ሙሉሰው ስለ ከረጢቱ ያነሡት ጥያቄ ጥልቅ ነበር። ከረጢቱ የተሠራው በየትኛው ጎራ ባለ አገር እንደሆነ ካልታወቀ በአንዲት የቀበሌያችን ነዋሪ ደረት ውስጥ መግባቱ አደገኛ ነው ብለዋል። ሐኪሙ የነገረኝ አደጋ ሌላ ነበር፤ ሊጠነክር ይችላል፣ ሊቀደድ ይችላል፣ ያኔ የሚቀይረው ሰው እዚህ ላይገኝ ይችላል ነበር ያለኝ። ሐኪሙ እንግዲህ ብዙ አልነቃም።

ሦስተኛ። ይህን በአጭሩ እጽፈዋለሁ። ጓድ እፀገነት፣ የእኛ የሴቶች ተወካይ፣ ተነሥታ «አርባ ስምንት ዓመቷ ነው፣ ባሏም ከሞተ ቆይቷል፣ ለማን ነው?» አለች። አዳራሹ ሳቀ። ዝናቡ እንኳ በዚያን ሰዓት ጋብ ብሎ ስለነበር ሳቁ ጥርት ብሎ ተሰማኝ። እህቴ እፀገነት፣ በቆርቆሮ ማዶ ሆኜ ያልመለስኩልሽን እዚህ ልመልስልሽ፤ ለእኔ ነው። ገላዬን ስታጠብ ለምታየው ለእኔ። ልብስ ስቀይር በሩን እየዘጋሁ ከራሴ ለምደበቀው ለእኔ። ሌላ ሰው ከተፈለገ ማኅበሩ ይመድብልኝ።

አራተኛ። ድምፅ ተሰጠ። ለጀርባው አሥራ አንድ፣ እንዳለ ይቀመጥ ያሉ አራት፣ ለከረጢቱ ማንም፣ ድምፀ ተአቅቦ ሁለት። ከሁለቱ አንዱ ጓድ ማሞ ናቸው። ለምን እጅዎን አያወጡም ተብለው ሲጠየቁ «እኔ በሰው ገላ ላይ እጄን አላወጣም» አሉ። ይህ ንግግር በቃለ ጉባኤው ላይ «አቶ ማሞ ለጊዜው አሳብ አልነበራቸውም» ተብሎ መስፈሩን አይቻለሁ። ከዚያ ጓድ ሙሉሰው በባዶው መስመር ላይ «ከጀርባ ጡንቻ» ብለው በታይፕ መቱበት፤ ማኅተሙም አረፈ።

አሁን ችግሬን ልናገር፤ ችግሩ እናንተ መሳሳታችሁ አይደለም። ችግሩ እኔም ወደ ጀርባው አዘንብዬ መቆየቴ ነው።

ከረጢቱን የተውኩት ሐኪሙ በነገረኝ አደጋ ምክንያት ነው። እንዳለ መተዉን ግን ዓመት ከመንፈቅ ኖሬበታለሁ። ጎረቤቴ ቀመሪያ፣ ልብስ ሰፊዋ፣ ከአሮጌ ጋቢ አንድ የጨርቅ ጡት ሰፍታልኝ ነበር፤ ውስጡ ጥጥ፣ ለክብደቱም አንድ እፍኝ ማሽላ። ባለፈው ሐምሌ በላፍቶ ኮረብታ ላይ በዘመቻ ችግኝ ስንተክል ጎንበስ ስል ወደቀ። የተከበሩ ሊቀመንበር፣ ከጭቃው ያነሡት እርስዎ ነበሩ። ከፍ አድርገው ይዘው «ይህ የማን ነው?» ብለው ሁለት ጊዜ ጠየቁ። አንዱ የሕፃን ኳስ ነው አለ፣ ሌላው ሌላ አለ፣ ሰልፉ ሁሉ ተሳሳቀ። እኔ ከእርስዎ ሦስት ሰው አልፌ ነጠላዬን በደረቴ ላይ ጠቅልዬ ችግኜን እተክል ነበር። ዝምታ ሙያዬ ነው። የእርስዎ ጥያቄ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ከእኔ ጋር ነው የሚያድረው፤ ከሥጋዬ የሆነ ነገር እንደማይወድቅ፣ ማንም አንሥቶ የማን ነው እንደማይለው ማሰብ የጀመርኩትም ያኔ ነው።

የቀረኝ የውሃው ነገር ነበር። ለቀመሪያ ስነግራት መርፌዋን ሳታቆም «ውሃውን እኔ እቀዳልሻለሁ፣ አንቺ ጀርባሽን ስጪያቸው» አለችኝ። በዚህ አደርኩ። ሰኞ ሄጄ ለሐኪሙ ልነግረው ነበር።

እሑድ ግን እናንተ ቀደማችሁ። እሺ ብል የአሥራ አንድ ሰው ጡት ተሸክሜ ልኖር ነው፤ እንቢ ብል ደግሞ እናንተን ለማናደድ ስል የምፈልገውን ልተው ነው። በሁለቱም በኩል ወሳኙ ኮሚቴው ሆነ። አንድን ሰው የገዛ ፍላጎቱን እንዲጠላው ማድረግ ቀላል ሥራ አይደለም፤ በሃያ አምስት ደቂቃ ስለ ፈጸማችሁት ምስጋናዬ ይድረሳችሁ።

ቃለ ጉባኤ በአፈጻጸም ሪፖርት ስለሚዘጋ፣ በማግስቱ ጠዋት ያደረግሁትን እንዳለ አሰፍራለሁ።

ሰኞ ሰኔ 16። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ተነሣሁ። ዝናቡ አባርቷል። ከቦኖው አንድ እንስራ ውሃ ቀድቼ በጀርባዬ አምጥቼ አስቀመጥኩ። ታጠብኩ፤ በሩን አልዘጋሁም። አውቶቡስ ስለዘገየ ግማሹን መንገድ በእግሬ ሄጄ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ሆስፒታል ደረስኩ። ዶክተር ሱልጣን ቅጹን አነበበና «ጓድ መኩሪያ ማን ናቸው? ባለቤትዎ ናቸው?» ሲል ጠየቀኝ። አይደሉም፣ ሊቀመንበሬ ናቸው አልኩት። አልሳቀም። ማንም ምንም እንዳልነገረኝ ቆጥሮ ሦስቱንም ከመጀመሪያው እንዲነግረኝ ለመንኩት። ወረቀቱን ገልብጦ በንጹሑ ገጽ ላይ ሦስት ገላ ሣለልኝ። የጀርባው ጠባሳ ስንዝር እንደሚሆን፣ እጄ ለወራት እንደሚደክም፣ አዲሱ ከቀኙ እንደሚያንስና ሲነኩት እንደማይሰማኝ፣ ክፉ ክፉውን ሳይደብቅ ነገረኝ። እስከ መጨረሻው አዳመጥኩ። ከዚያ ብዕሩን ተዋስኩት። በታይፕ የተመታውን «ከጀርባ ጡንቻ» የሚለውን ቃል በአንድ መስመር ሰረዝኩት። ከሥሩ በራሴ እጅ «ከጀርባ ጡንቻ» ብዬ ጻፍኩና ስሜን ፈረምኩ።

ሐኪሙ ሁለቱን አስተያይቶ «ያው አይደለም እንዴ?» አለኝ።

አይደለም አልኩት። እሱም በዝርዝሩ ላይ መዘገበኝ።

ሐምሌ 3 ቀን አልጋ ስለምይዝ ለዘንድሮው የችግኝ ተከላ ዘመቻ መገኘት እንደማልችል፣ ጀርባዬም በሌላ ሥራ እንደሚያዝ ከወዲሁ በትሕትና አሳውቃለሁ። ያላሰብኩትን ላሰባችሁልኝ፣ ያሰብኩትን ለወሰናችሁብኝ፣ በዝናብ ላቆማችሁኝና ግድግዳውን በቆርቆሮ ለሠራችሁልኝ ለአሥራ አምስታችሁ አክብሮቴ፣ እጃቸውን ላላወጡት ለሁለቱ ደግሞ ፍቅሬ ይድረሳቸው። የእርስዎ ጉልበት በራሱ ጊዜ፣ ያለ ድምፅ ብልጫ እንዲድን እየተመኘሁ እሰናበታለሁ።

ማንበብና መጻፍ የምትችለው ነዋሪዎ
ዘነቡ ሮበሌ

ማሳሰቢያ፦ እሑድ ማኅተም ሲመታልኝ ጓድ ሙሉሰው ከጠረጴዛቸው ላይ ካለ አንድ ክብ የጨርቅ ነገር ስፒል ነቅለው ቃለ ጉባኤውን ከቅጼ ጋር አያያዙልኝ። የቀመሪያን ስፌት በሩቅ አውቀዋለሁ። ባለቤቱ እስካሁን አልታወቀም ነው የሚባለው። ባለቤቱ እኔ ነኝ። ይመለስልኝ አልልም፣ ከሐምሌ ወዲያ አያስፈልገኝም፤ ስፒል ስትሰኩበት ግን ቀስ በሉ።