ኢቢሴ ሳትሰማ የሚነበብ የመምህር ኢዩኤል ገብረመስቀል የሕይወት ታሪክ

መምህር ኢዩኤል ገብረመስቀል ከአባታቸው ከአቶ ገብረመስቀል ኢርጋና ከእናታቸው ከወ/ሮ ትርፌ ሳህሌ በ1967 ዓ.ም. በነገሌ ቦረና ከተማ ተወለዱ። አባታችን ከጉራጌ አገር መጥተው በነገሌ ገበያ ጨርቅ ይነግዱ ነበር። ይህን የጻፍኩት ታናሽ እህታቸው ሚስራ ነኝ። የያዘኝ ሐዘን ብቻ አይደለም፤ ፈርቻለሁ። አንድያ ልጃቸው ኢቢሴ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ላይ ናት፤ የአባቷን ሞት አልሰማችም። በዚህ ወረቀት ላይ ፎቶግራፋቸውን ያላተምነው ስለዚህ ነው።

መምህር ኢዩኤል እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል በነገሌ ተምረው በ1985 ዓ.ም. ለመምህርነት ሥልጠና ሀዋሳ ገቡ። በዓመቱ አባታችን አረፉ። መርዶውን ይዘው የሄዱት የአባታችን የሱቅ ጎረቤት አቶ ከሊፋ ነበሩ፤ በጭነት መኪና ሁለት ቀን ተጉዘው ማለዳ ከወንድሜ ማደሪያ በር ደረሱ። የአገራችን ሰላምታ ረጅም መሆኑን ታውቃላችሁ። አቶ ከሊፋ «ናጋ?»፣ ሰላም ነው? ካሉ በኋላ ከብቱንም ዝናቡንም ሳይጠይቁ ዝም ሲሉ ወንድሜ ነገሩ ገባቸው። ከዚያች ማለዳ ወንድሜ ከሁሉ በላይ የሚያስታውሱት ትከሻቸው ላይ ያረፈውን የአቶ ከሊፋን እጅ ነበር። ብቻቸውን አልነበሩም።

ከ1987 ዓ.ም. ጀምሮ በሜጋ፣ በኋላም በነገሌ አስተማሩ። በ1996 ዓ.ም. የሊበን ተወላጅ ከሆኑት ከወ/ሮ ሎኮ ሊባን ጋር ትዳር መሥርተው በ1998 ዓ.ም. ኢቢሴን ወለዱ። በትምህርት ቤታቸው የሚኒ ሚዲያ ክበብ አቋቁመው ለዓመታት መሩ፤ ሁለተኛ ዲግሪያቸውንም በ2005 ዓ.ም. አገኙ።

ስልክ በየልጁ እጅ ሲገባ ብዙዎቻችን ስንራገም እሳቸው ማጥናት ጀመሩ። ከ2009 ዓ.ም. አንስቶ በነገሌ፣ በሻኪሶና በሜጋ ተማሪዎች በስልካቸው ምን እንደሚያዩ፣ ምን እንደሚማሩና ምን እንደሚያስፈራቸው ጠየቁ። ክረምት በመጣ ቁጥር በጭነት መኪና ጋቢና ተጣበው ሲሄዱ ወ/ሮ ሎኮ፣ ባሌን ስልክ ወሰደብኝ እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር። እውነትም ማዕድ ላይ ስልክ አትንኩ ብለው ተቆጥተው ሲያበቁ የራሳቸው ኪስ ውስጥ ይጮህ ነበር።

አንድ ጊዜ ከሜጋ ሲመለሱ ግን ቀልድ አልነበራቸውም። አንዲት ተማሪ የእናቷን ሞት በዕረፍት ሰዓት፣ ከመማሪያ ክፍል ጀርባ ቆማ፣ በስልኳ ሻማ ከተለጠፈበት የእናቷ ፎቶ ላይ አንብባለች። የለጠፈው የምትወደው የአጎቷ ልጅ ነው፤ ሐዘኑን የገለጸ መስሎት ነው። መርዶ ነጋሪዎቹ በማግስቱ ሲደርሱ ልጅቷ መናገር አቁማ ነበር። ወንድሜ ይህን ሲነግሩኝ ኢቢሴን አጠገባቸው አስቀምጠው አቅፈዋት ነበር፤ ሲፈሩ ያየኋቸው ያን ቀን ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ ለክበቡ ልጆች በሙሉ አንድ ጥያቄ አስተማሩ፤ የሰው ሞት ከመለጠፋችሁ በፊት «ቤተሰብ ሰምቷል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ ይሉ ነበር።

በ2014 ዓ.ም. የኩላሊት ሕመም ያዛቸው። ባለፈው እሑድ ኢቢሴን ለፈተና ወደ ዩኒቨርሲቲ ሲሸኙ ተሽሎኛል አሏት። ረቡዕ ሐምሌ 3 ቀን 2016 ዓ.ም. ማለዳ አረፉ። እኛም ፈተናዋን እስክትጨርስ እንዳይነገራት ወሰንን፤ ልክ ይሁን ስህተት እስካሁን አላውቅም።

የዚያኑ ዕለት ረፋድ የክበቡ ልጅ የነበረችው ፈርሃና ፎቶግራፋቸውን ከሻማ ጋር ለጠፈች። ጥያቄውን አልረሳችም። በደጃችን ስታልፍ ልቅሷችንን ሰምታ ቤተሰብ ሰምቷል ብላ ነው። ስንነግራት እያለቀሰች አጠፋችው፤ አልፈረድንባትም። ነገር ግን ማን አይቶ ለማን እንዳስተላለፈው አናውቅም። ስልክ ይዞ መግባት ስለማይፈቀድ የኢቢሴ ስልክ ከፈተናው ግቢ በር ፊት ለፊት ባለ ሱቅ በአደራ ተቀምጧል፤ ነገ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ወጥታ ትወስደዋለች። ከትናንት ጀምሮ የሚታየኝ ያ በር ነው፤ እየሳቀች ወጥታ ስልኳን ስትከፍት።

የአቶ ከሊፋ ልጅ አቶ ፋዲል ይህን ቀብር ትተው ዛሬ ጎሕ ሲቀድ ወደ ፈተናው ግቢ ተነሥተዋል። አባታቸው በሄዱበት ጉዳይ እሳቸውም እንዲሄዱ የለመናቸው አልነበረም፤ በራሳቸው መጡ። እንግዲህ እዚህ የቆማችሁ ወዳጆች፣ ተማሪዎቻቸው ሁሉ፣ ይህን ወረቀት ፎቶ አታንሱት። ድንኳኑን፣ ሳጥኑን፣ የወ/ሮ ሎኮን ፊት አታንሱ። ማዘናችሁን እናውቃለን።

መምህር ኢዩኤል ባለቤታቸውን ወ/ሮ ሎኮን፣ እኔን እህታቸውንና ልጃቸውን ኢቢሴን ትተው ሄደዋል። ለእሷ ግን እስከ ነገ ድረስ አባቷ ቤት ሆነው ይጠብቋታል።

እግዚአብሔር የወንድሜን ነፍስ በደጋጎቹ አጠገብ ያሳርፍልን። መንገዱንም ለፋዲል ያሳጥርላቸው፤ ከስልኳ በፊት እጃቸው ትከሻዋ ላይ ይድረስ። አሜን።