የቅርጻ ቅርጽ መምህራችን ዕረፍትና ኮሚቴው ያላየው ሥራቸው

የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱ የወርክሾፕ ሠራተኞች ማኅበር፣ የቅርጻ ቅርጽ መምህራችን ባደረባቸው ድንገተኛ ሕመም ረቡዕ ጠዋት ማረፋቸውን ለባልደረቦች፣ ለተማሪዎችና ለሕዝብ የሚያስታውቀው አንጀቱ እያረረ ነው።

መምህሩ ከተቀጠሩ ጀምሮ ሰሌዳ ላይ ጽፈው አያውቁም። ጭቃ አቡክተው እተማሪ ፊት ሙሉ ሰው ያቆሙ ነበር። ትምህርቱ ሲያበቃ ያንኑ አፍርሰው ወደ በርሜሉ ይመልሱታል፤ ተማሪውም በዚያው ጭቃ ይሠራል። ተማሪዎቹ «አፍርሰው» የሚል ስም አወጡላቸው። ሲጠሩበት «አቤት!» ይሉ ነበር እንጂ ተቆጥተው አያውቁም።

ውኃ በጠፋበት ዓመት መምህር ነኝ ሳይሉ ከእኛ እኩል ባልዲ ተሸክመዋል።

ዓምና ለተባባሪ ፕሮፌሰርነት አመለከቱ። የማዕረግ ዕድገት ኮሚቴው «የሚታይ ሥራ የለዎትም፤ ወይ ጆርናል ላይ ይጻፉ፣ ወይ ኤግዚቢሽን ያሳዩ» አላቸው። እሳቸውም «ሥራዬ ተማሪዎቹ እጅ ላይ ነው፤ ኑና እዩት» አሉ። ወርክሾፑን ብቅ ብሎ ያየ የኮሚቴ አባል ግን የለም።

አሁን ደግሞ ሰኞ በሚደረገው ስብሰባ «አመልካቹ ሞተዋል» ተብሎ ፋይላቸው ሊዘጋ መሆኑን ሰምተናል። ማኅበሩ ይህን አይቀበልም። የሚመዘነው ሥራው ነው እንጂ የሰውየው ትንፋሽ አይደለም።

ሕመሙ የጣላቸው እየሠሩ ስለነበረ የመጨረሻው ሥራ ሳይፈርስ ቀርቷል። ጎንበስ ብላ ልጅ የምታዝል ሴት ናት። ጭቃው ከደረቀ ይሰነጠቃል፤ ስለዚህ ጨርቅ አልብሰን በየተራ እናርሰዋለን።

ለባለቤታቸው፣ ለልጆቻቸውና ለሥራ ባልደረቦቻቸው መጽናናትን እንመኛለን። ይህን የሚጽፈው የማኅበሩ ሊቀ መንበር ራሱ ሚስቱን የቀበረ ሰው ነውና ይህን የሚለው ለወጉ ያህል አይደለም። ባለቤታቸው ትናንት ወርክሾፑ ድረስ መጥተው «እሱ ቢኖር ያፈርሰው ነበር፤ አፍርሱትና ልጆቹ ይሥሩበት» ብለውናል። እሜቴ፣ ይቅር ይበሉን፤ እስከ ሰኞ አንታዘዝዎትም።

ኮሚቴው ከስብሰባው በፊት ይምጣ፣ የጭቃዋን ሴት ዙሪያዋን ዞሮ ይያት፣ ከዚያ ይፍረድ። ሲጨርስ እኛው አፍርሰን ጭቃውን ለተማሪዎቹ እናስረክባለን። ካልመጣ ግን እንደረጠበች ተሸክመን የስብሰባው አዳራሽ እናስገባታለን። ምንጣፉ ቢበላሽ እኛን እንዳትጠይቁን።

የወርክሾፕ ሠራተኞች ማኅበር